የኤሊ ማሞቂያና መብራት ከወር ሂሳባችን ስንቱን ይወስዳል?

በመሀል አዲስ አበባ ኤሊ ያለበት ግቢ ብርቅ አልነበረም። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ጠዋት ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ወጥተው የሚሞቁ፣ ማታ ከማገዶ ክምር ሥር የሚገቡ፣ የጎመን ቅጠል እየበሉ ከልጆች ጋር ያደጉ ኤሊዎች ነበሩ። ከእነዚህ ግቢዎች ብዙዎቹ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሲነሱና ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ኤሊዋም አብራ ወደ ክፍል ገባች። በግቢው ውስጥ በነጻ ታገኘው የነበረው ፀሐይ ግን አብሯት አልገባም፤ ያንን በአምፖልና በማሞቂያ መተካት የባለቤቱ ኃላፊነት ሆነ።

በሌላ በኩል ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ እንዲሄድ ተወስኗል። በዚህም ምክንያት ቀድሞ ልብ ሳይባል ያልፍ የነበረው የአንዲት አምፖል ፍጆታ አሁን በወር ሂሳቡ ላይ ጎልቶ ይታያል። ኤሊ ያላቸው ቤተሰቦች ሂሳቡ ሲጨምርባቸው ብዙውን ጊዜ የተሳሳተውን ዕቃ ያጠፋሉ፤ ጉዳቱ ደግሞ እንስሳዋ ላይ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ፍጆታው ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚሰላና የቱ ላይ ሊቀነስ እንደሚችል በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ። የዱር ኤሊን ከመስክ አንስቶ ወደ ቤት ማምጣት በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከዚህ በታች የተጻፈው ለዓመታት በቤት የኖረች ኤሊ ላላቸው ነው እንጂ አዲስ ኤሊ ለማምጣት ለሚያስቡ ማበረታቻ አይደለም።

ኤሊ ማሞቂያ የሚያስፈልጋት ለምንድን ነው? አዲስ አበባ እኮ ያን ያህል አትበርድም

ኤሊ፣ እባብ፣ እንሽላሊትና እስስት በጥቅሉ ተሳቢ እንስሳት ይባላሉ። የሰው ልጅ ከሚበላው ምግብ ከፍተኛውን ድርሻ ሰውነቱን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለማቆየት ያውለዋል። ተሳቢ እንስሳት ግን በቂ ሙቀት ከውስጣቸው አያመነጩም፤ የሰውነታቸው ሙቀት የሚወጣውና የሚወርደው በዙሪያቸው ካለው አየር፣ መሬትና ፀሐይ ጋር ነው። ምግብ መፍጨት፣ መንቀሳቀስና በሽታን መከላከል ሁሉ ከውጭ በሚያገኙት ሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ኤሊን በጋቢ መጠቅለል የማያሞቃትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ሰውነቱ ያመነጨውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ ነው፤ ኤሊዋ ደግሞ ይዞ የሚያቆይላት ሙቀት የላትም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ አያልፍም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ለሰው ይህ በሹራብ የሚታለፍ ብርድ ነው። በአገራችን በስምጥ ሸለቆና በደቡብ ቆላማ ቦታዎች የምትኖረው፣ ቅርፊቷ ላይ የነብር ቆዳ የሚመስል ዝንጉርጉር ያላት የመሬት ኤሊ ግን በቀን የምትሞቅበት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ቦታ፣ ሲሞቃት የምትሸሽበት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሆነ ጥግ፣ በሌሊትም ከ18 ዲግሪ ብዙ የማይወርድ መኝታ ትፈልጋለች።

ብዙ ሰው «ክረምት ሲገባ ኤሊዋ ትተኛለች፣ ምግብም አትፈልግም» ይላል። የአውሮፓ ኤሊዎች በብርዱ ወራት ረጅም እንቅልፍ የሚተኙ መሆናቸው እውነት ነው፤ የእኛዋ ግን ከእነዚያ ወገን አይደለችም። በሐምሌ ጥግ ይዛ አልንቀሳቀስ ያለችው ኤሊ አብዛኛውን ጊዜ ያረፈች ሳትሆን የቀዘቀዘች ናት። ሆዷ ውስጥ ያለው ምግብ በብርዱ ምክንያት አይፈጭም፣ እዚያው ይበላሻል፤ ሳንባዋም ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ወይም አረፋ የሚታይባት ኤሊ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ አለባት።

ዋት ምንድን ነው? ኪሎዋት ሰዓትስ?

በአምፖሉ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥር ዕቃው በርቶ ሳለ ኃይል የሚስብበትን ፍጥነት ይነግረናል። ቆጣሪው የሚመዘግበው ግን ፍጥነቱን ሳይሆን ድምሩን ነው፤ ይህ ድምር ኪሎዋት ሰዓት ይባላል፣ የምንከፍለውም በእሱ ነው። ለማስላት ዋቱን ዕቃው በበራበት ሰዓት ማባዛትና ውጤቱን ለ1000 ማካፈል ይበቃል። 100 ዋት የሆነ ማሞቂያ ለ10 ሰዓት ቢበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ብዙዎችን ያስገርማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን ለሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋግር ቤት በወር ለምጣዱ ወደ 56 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። አንዲት 100 ዋት ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ሳትጠፋ ለ30 ቀን ብትበራ ደግሞ 72 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃለች። ምጣድ ሲበራ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ እንጀራው እንዳለቀም ይጠፋል፤ ማሞቂያዋ ግን ጥግ ላይ ሆና በዝምታ ትሠራለች፣ ማንም አያጠፋትም። የኤሊ ቤትን ወጪ የሚያከብደው ከዕቃው ጉልበት ይልቅ በርቶ የሚቆይበት ሰዓት ነው።

ከዕቃዎቹ ውስጥ ብዙ የሚበላው የትኛው ነው?

አንድ የተለመደ አደረጃጀት እንውሰድ። ገና በማደግ ላይ ያለች ኤሊ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ከፍታውም 60 ሴንቲሜትር በሆነ የኮምፔንሳቶ ሳጥን ውስጥ ትኖራለች እንበል። ከላይ ሆኖ መሞቂያ ቦታዋን የሚያሞቅ 75 ዋት ሃሎጅን አምፖል ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይበራል፤ ይህ በወር 22.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ጎኑ ላይ ያለው 24 ዋት የዩቪቢ ቱቦ ለተመሳሳይ ሰዓት ሲበራ 7.2 ይሆናል። በሌሊት ደግሞ ብርሃን የሌለው 100 ዋት የሴራሚክ ማሞቂያ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ሲሠራ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ድምሩ 65.7 ነው፤ ከዚህም ከግማሽ በላዩን የሚወስደው ማንም የማያየው የሌሊቱ ማሞቂያ ነው።

የዩቪቢ መብራት የሚባለው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን አንድ የጨረር ዓይነት የሚሰጥ መብራት ነው። ኤሊዋ በዚህ ጨረር አማካኝነት በቆዳዋ ውስጥ ቫይታሚን ዲ ትሠራለች፤ ያለዚያ የምትበላው ካልሲየም ወደ ቅርፊቷና ወደ አጥንቷ አይደርስም። የዚህ ጨረር እጦት ቅርፊቱን ያለሰልሳል፣ ያጣምማል፣ እግሮቿንም ያደክማል፤ አንዴ የተጣመመ ቅርፊት ደግሞ አይቃናም። ሆኖም ወጪ ለመቀነስ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ይህ መብራት ነው፣ ምክንያቱም ሲጠፋ በኤሊዋ ላይ በቅጽበት የሚታይ ለውጥ የለም። ከላይ እንዳየነው ግን ከወሩ ፍጆታ የሚወስደው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። የዩቪቢ እውነተኛ ወጪ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ አምፖሉን በየጊዜው መቀየሩ ነው፤ እንደየዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ለዓይን እንደበራ ሆኖ ሳለ ጨረሩ ይደክማል። እኔ ወጪ መቀነስ ግድ ሆኖ ብጠየቅ በመጨረሻ የምነካው እሱን ነው።

በተቃራኒው ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለጫጩት ማሳደጊያ የሚሸጠው ቀዩ 250 ዋት አምፖል ነው። በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ለኤሊው ይሰቅላል። ቀንና ሌሊት ከበራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም የአንድ መካከለኛ ቤተሰብን ሙሉ ፍጆታ የሚያህል ነው። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ቅርፊት እስከማቃጠል ይደርሳል።

ይህ በብር ሲተመን ስንት ይሆናል?

እዚህ ላይ አንድ ቋሚ ዋጋ ጽፎ ማለፍ አንባቢውን ማሳሳት ነው፤ ዋጋው በየሦስት ወሩ ይለወጣል፣ ከቤት ቤትም ይለያያል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው። እርከን ማለት በወር ውስጥ የተጠቀምነው መጠን የሚወድቅበት ክልል ሲሆን፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት፣ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በነበረው ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት አንዱን በ27 ሳንቲም ገደማ ሲከፍል፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ያ ዋጋ ዛሬ ተለውጧል፣ የእርከን አሠራሩ ግን ቀጥሏል።

በዚህ ምክንያት የኤሊዋ ፍጆታ ብቻውን ቆሞ አይታይም። ቤቱ በራሱ በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ የኤሊዋ 65.7 ሲጨመር 215.7 ይሆናል፤ ይህም ቤቱን ወደ ላይኛው እርከን ያሻግረዋል። ለመኖሪያ ቤት በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ፍጆታ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ የ15 በመቶው ታክስ ይመጣል። ስለዚህ ለዚህ ቤት ከ200 በታች መቆየትና ማለፍ ከጥቂት ኪሎዋት ሰዓቶች ዋጋ የበለጠ ልዩነት አለው። የኤሊዋ ፍጆታ ወደ 42 ቢወርድ ድምሩ 192 ሆኖ ወሰኑን ሳይነካ ይቀራል፤ እንዴት ሊወርድ እንደሚችል ቀጥለን እናያለን።

ለራስዎ ቤት ትክክለኛውን ዋጋ ለማግኘት በተመሳሳይ የታሪፍ ሩብ ዓመት ውስጥ ያሉ ሁለት የወር ሂሳቦችን ይውሰዱ፣ አንዱ ማሞቂያው ያልበራበት፣ ሌላው የበራበት። የብሩን ልዩነት ለኪሎዋት ሰዓቱ ልዩነት ቢያካፍሉት ኤሊዋ የጨመረችው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት በእርግጥ ስንት እንዳስከፈለዎት ያሳያል። ለምሳሌ ውጤቱ 5 ብር ቢመጣ 65.7 ኪሎዋት ሰዓት 328 ብር ከ50 ሳንቲም ነው ማለት ነው።

ቆጣሪ በጋራ የሚጠቀሙ ተከራዮች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በአንድ ቆጣሪ ሥር ሦስትና አራት ቤተሰብ ሲኖር ድምሩ ከፍተኛ እርከን ላይ ስለሚወድቅ፣ ኤሊዋ የምትጨምረው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው በውድ ዋጋ ነው፤ ሂሳቡ በነፍስ ወከፍ ወይም በክፍል ብዛት የሚከፋፈል ከሆነ ደግሞ የኤሊዋን ወጪ የሚሸከሙት ኤሊ የሌላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ይህ ቅሬታ ከመምጣቱ በፊት የኤሊዋን ፍጆታ ለብቻው አስልቶ ለአከራዩና ለጎረቤት ማሳወቁ የተሻለ ነው።

ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ማሞቂያው የሚያወጣው ሙቀት በሳጥኑ ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀርም፤ በግድግዳው፣ በክዳኑና በወለሉ በኩል ወደ ክፍሉ ይወጣል። የሚወጣበት ፍጥነት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ ሳጥኑ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ከምን ተሠራ፣ ውስጡና ውጭው በስንት ዲግሪ ይለያያሉ። ከላይ ያየነው ሳጥን ስድስቱም ገጾቹ ሲደመሩ 3.6 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ከክፍሉ በ10 ዲግሪ አስበልጦ ለማቆየት፣ ከመስታወት የተሠራ ከሆነ በግምት 200 ዋት፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ ከሆነ 115 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ያው ኮምፔንሳቶ ከውጭ በኩል በ5 ሴንቲሜትር ነጭ ፎም ቢሸፈን ግን ወደ 20 ዋት ይወርዳል። ለአየር መግቢያ የሚተዉት ቀዳዳዎች ቁጥሩን ጥቂት ከፍ ያደርጉታል፤ ቀዳዳዎቹን ለቁጠባ ሲባል መድፈን ግን ለኤሊዋ ሳንባ አደገኛ ነው። ነጩ ፎም ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ታሽገው የሚመጡበት ዓይነቱ ነው፤ ያን ለማግኘት ብዙም ወጪ አይጠይቅም። መለጠፍ ያለበት ግን በውጭ በኩል ነው፤ ኤሊዋ ነክሳ እንዳትውጠው፣ የአምፖሉም ሙቀት እንዳያቀልጠው።

በሌሊት ሁኔታው የበለጠ ይቀላል። የክፍሉ ሙቀት 15 ዲግሪ ቢሆንና ለኤሊዋ 18 ቢበቃት ልዩነቱ 3 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ለመሸፈን የኮምፔንሳቶው ሳጥን 35 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ያለ መቆጣጠሪያ 100 ዋት ሌሊቱን ሙሉ ሲነድበት ሳጥኑ ወደ 24 ዲግሪ ይሞቃል፤ ለእንስሳዋ የተለየ ጥቅም ሳይሰጥ ከሂሳቡ ላይ ሁለት ሦስተኛው ይባክናል።

ቴርሞስታት ምን ይሠራል? ግዴታስ ነው?

ቴርሞስታት ሙቀቱን በትንሽ መለኪያ እየለካ፣ ከተፈለገው ሲወርድ ማሞቂያውን የሚያበራ፣ ሲደርስ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነው። በመርካቶ ለእንቁላል ማስፈልፈያ የሚሸጠው ዲጂታል ቴርሞስታት ለዚህ ያገለግላል፤ ሲገዛ የሚሸከመው ዋት ከማሞቂያው መብለጡን ማየት ያስፈልጋል። በምሳሌያችን 100 ዋቱ ማሞቂያ በቴርሞስታት ሲሠራ ከሌሊቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይበራል፤ የሌሊቱ ፍጆታ ከ36 ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ ጠቅላላው ደግሞ ከ65.7 ወደ 41.7 ይወርዳል። በ5 ብር ስሌት 208 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

መለኪያው የሚቀመጥበት ቦታ ውጤቱን ይወስነዋል። ከማሞቂያው ሥር ከተሰቀለ ቶሎ ያጠፋዋል፣ ኤሊዋ የምትተኛበት ጥግ ሳይሞቅ ይቀራል። በመኝታዋ አጠገብ፣ በኤሊዋ ቁመት፣ ጀርባዋ ገፍቶ ሊነቅለው በማይችልበት ሁኔታ መታሰር አለበት።

በፎም ለተሸፈነ ሳጥን ቴርሞስታት ከቁጠባም ያለፈ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሙቀት እምብዛም የማያስወጣ ሳጥን ውስጥ 100 ዋት ያለ ቁጥጥር ቢተው የውስጡ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ የተዘጋች ኤሊ አትተርፍም። በቀንም ቢሆን ፎም ያለው ሳጥን ክዳኑ መከፈት ወይም አምፖሉ ወደ 40 ዋት መውረድ አለበት። ሽፋኑን ከቴርሞስታቱ በፊት መሥራት በፍጹም አይገባም።

በኤልኢዲ ብተካውስ?

ለክፍል መብራት ኤልኢዲ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ለማሞቂያ ግን አይሠራም። ኤልኢዲ ትንሽ የሚፈጀው ሙቀት ስለማያባክን ነው፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ያንኑ ሙቀት ነው። ተራው ኤልኢዲ ዩቪቢም አይሰጥም። «ኃይል ቆጣቢ ማሞቂያ» የሚለው ማስታወቂያም ብዙ ትርጉም የለውም፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ የገባ 100 ዋት በየትኛውም ዕቃ ቢገባ መጨረሻው ያው 100 ዋት ሙቀት ነው።

ፀሐይን መጠቀም አይቻልም?

ይቻላል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከብዙ ከተሞች የተሻለ። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብና ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይዋ ኃይለኛ የዩቪቢ ጨረር አላት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ፀሐያማ ቀናት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ኤሊዋን በረንዳ ላይ ወይም በግቢ ማውጣት የአምፖሉንም የቱቦውንም ሥራ ይሠራል። ሁለቱ አንድ ላይ 99 ዋት ስለሚስቡ በቀን ለሁለት ሰዓት ተኩል ቢጠፉ በወር ወደ 7.4 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመስኮት መስታወት ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ዩቪቢውን አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ ከተዘጋ መስኮት ሥር የምትሞቅ ኤሊ ሞቃለች፣ ቫይታሚን ዲ ግን አላገኘችም። ሁለተኛው፣ ኤሊን በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዳለች ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድላት ይችላል። የምትወጣበት ቦታ የምትሸሽበት ጥላና ጥልቀት የሌለው የውሃ ሰሐን ይኑረው። የበረንዳው ጠርዝም በሚገባ ይከለል፤ ኤሊ ከሚገመተው በላይ ትወጣለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሰማዩ ለሳምንታት ስለሚዘጋ ሙሉውን ሸክም የሚይዘው ኤሌክትሪኩ ነው፣ ያኔ ሂሳቡ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

የሳጥኑ ሽፋን ዋጋ ይበልጥ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ባዶ መስታወት ቶሎ ሲቀዘቅዝ በፎም የተሸፈነው ሰዓታት ይቆያል። ለረዘመ መጥፋት ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ መኝታዋ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ግን ለኤሊዋም ለቤተሰቡም ገዳይ ነው፤ የከሰሉ ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት።

መብራት በሚመጣበት ቅጽበት ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል አምፖሎች ይቃጠላሉ፣ የዲጂታል ቴርሞስታት ቦርድም ይበላሻል። ከሶኬት ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ተገቢ ነው። ምሽት ላይ ኃይሉ ሲደክም ደግሞ ማሞቂያው ከሚጠበቀው በላይ ይዳከማል፤ 220 ቮልት ወደ 198 ሲወርድ፣ ማለትም 10 በመቶ ሲቀንስ፣ 100 ዋቱ ማሞቂያ የሚሰጠው ወደ 81 ዋት ብቻ ነው። ማሞቂያ ሲመረጥ ይህን ታሳቢ አድርጎ ጥቂት ከፍ ያለ መግዛትና በቴርሞስታት መግራት ሂሳቡን አይጨምርም። ሃሎጅኑና ሴራሚኩ የሚገቡበት ሆልደር ግን የሸክላ መሆን አለበት፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ኤሊዬ በእርግጥ ስንት እንደምትፈጅ በራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ?

ይቻላል፣ ለዚህም የሚያስፈልገው የእጅ ስልክ ሰዓት ብቻ ነው። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ የምታብለጨልጭ ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምታበራ የሚገልጽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1000 ወይም 1600፣ ተጽፏል። ማቀዝቀዣውን ጨምሮ በቤቱ ያለውን ሁሉ ነቅለው የኤሊዋን ዕቃዎች ብቻ ያብሩ፤ ከዚያም በአንዱ ብልጭታና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ሰከንድ ይቁጠሩ። ቁጥሩ 1000 ከሆነ 3600ን ለሰከንዱ ያካፍሉ፣ 1600 ከሆነ ደግሞ 2250ን ለሰከንዱ ያካፍሉ፤ የሚገኘው ውጤት በዚያ ሰዓት የሚሳበው ዋት ነው። በ1000 ቆጣሪ ላይ 36 ሰከንድ ከቆጠሩ 100 ዋት ማለት ነው።

ይህ ቁጥር በአምፖሎቹ ላይ ከተጻፈው ድምር በጣም ከበለጠ ሌላ የበራ ዕቃ አለ ማለት ነው፤ በኮሪደር ያለ አምፖል፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ወይም በጋራ ቆጣሪ ከሆነ የጎረቤት ክፍል። ቆጠራውን ቴርሞስታቱ በበራበትና ባጠፋበት ጊዜ ለየብቻ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የሌሊቱን ፍጆታ በሦስት እጥፍ አሳስቶ ሊያሳይ ይችላል።